ልጄ ይሰርቀኛል፣ ስመታው ደግሞ አያለቅስም

አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። ዓምድሽን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፍልሻለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የምኖረው ደሴ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ሁለት ዓመት ሲሆነው ለእናቴ ትቼው ሪያድ ሄድኩና ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠራሁ። አባቱ ሌላ ትዳር ይዟል፣ አይጠይቀውም። ያገኘሁትን ሁሉ የምልከው ለእሱና ለእናቴ ነበር። አምና ተመልሼ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ፣ ቤት ተከራየሁ፣ ልጄንም ኩታበር ከእናቴ ዘንድ አምጥቼ እዚህ ትምህርት ቤት አስገባሁት። አብረን መኖር ከጀመርን አሥር ወር ሆነን።

መጀመሪያ ዝምተኛ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ከሱቁ መሳቢያ አሥር ሃያ ብር መጉደል ጀመረ። ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ሃምሳ፣ ከዚያ መቶ፣ ባለፈው ወር ደግሞ ሁለት መቶ ብር። ስጠይቀው ዓይን ዓይኔን እያየ «አልወሰድኩም» ይላል። በማግስቱ ለክፍል ልጆች ብስኩትና ማስቲካ ሲያድል ዋለ ሲሉኝ እሰማለሁ። አንድ ቀን ፍራሹን ሳነሳ በፌስታል የተቋጠረ የደረቀ ዳቦ፣ የተጨማደደ ብር፣ ያለቀ የሽቶዬን ጠርሙስና ጠፋብኝ ያልኩትን ሻሼን አገኘሁ። እቤት ዳቦ ሞልቶ ለምን እንደሚደብቅ አልገባኝም።

በቀበቶ መትቼዋለሁ። አንድ ጊዜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በርበሬ አጥኜዋለሁ። አያለቅስም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ሲብስብኝ «ተመልሼ ሳውዲ እሄድልሃለሁ!» እለዋለሁ። ባለፈው «ሂጂ» አለኝ። እናቴን «እማዬ» ይላታል፤ እኔን በስሜ ይጠራኛል፣ ሲናደድ ደግሞ «አንቺ ሴትዮ» ይለኛል።

ክፉ ነው እንዳልል ደግሞ ግራ ያጋባኛል። በቀደም ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ማንም ሳያዘው ሻይ አፍልቶ፣ ስኳሩን አብዝቶ አመጣልኝ። አቅፌ ሳምኩት። በማግስቱ መቶ ብር ጠፋ።

ለአስተማሪው ነግሬው ነበር፤ ልጆች ፊት አቁሞ «ሌባ» እያለ ገረፈው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ ትምህርት ቤት መሄድ ይጠላል። ወንድሜ «ለኔ ስጪኝ፣ ገርፌ አስተካክለዋለሁ» ይላል። እናቴ «ልጄን መልሺልኝ፣ እኔ ጋ እንዲህ አልነበረም» ትላለች። ጎረቤት ጂን ነው ይላል። ሱቁ እምብዛም አይደለም፣ ሪያድ ያለችው ጓደኛዬም ቪዛ አለ እያለች ትደውልልኛለች።

በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ እናቴ ይዛው ሸሽታ ነበር። ሁለት ወር ገደማ ስልካቸው አይሠራም፤ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም ነበር። ስለዚያ ጊዜ ምንም አያወራም።

ልጄ ሌባ ሆኖ ሊቀር ነው? ለእናቴ ልመልሰው ወይስ ተመልሼ ልሂድ?

ግራ የገባት እናት፣ ከደሴ

*

ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ።

ከሁሉ በፊት እንቅልፍ የነሳሽን ጥያቄ ልመልስ። በጻፍሽልኝ ውስጥ ሌባ ሆኖ የሚቀር ልጅ አላየሁም። የፈራ፣ ፍርሃቱንም በአፉ መናገር ያቃተው ልጅ ነው ያየሁት። ላጽናናሽ ብዬ የምለው እንዳይመስልሽ፤ ከራስሽ ደብዳቤ ተነስቼ ነው።

እስኪ ከፍራሹ ሥር ያገኘሽውን እንደገና አብረን እንየው። ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሳቢያ ተከፍቶ ሲያይ እጁ ቢሄድ ብርቅ አይደለም። ያለቀ የሽቶ ጠርሙስ ግን ማን ይሰርቃል? አይሸጥ፣ አይበላ፣ ለጓደኛ አይሰጥ። ሻሽሽስ ለወንድ ልጅ ምን ይሠራለታል? ከሁለቱም የሚያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንቺን ጠረን። ቀን ቀን በስምሽ የሚጠራሽ፣ «አንቺ ሴትዮ» የሚልሽ ልጅ ሌሊት የሚተኛው ጠረንሽን ከሥሩ ደብቆ ነው። ጠርሙሱን ጥለሽው ከሆነ እግረ መንገድሽን ሌላ ስጪው። ካልጣልሽው ምንም ሳትናገሪ ካገኘሽበት ቦታ መልሰሽ አስቀምጪለት።

ዳቦው ሌላ ታሪክ አለው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጅሽ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ሲሸሹ የት አደሩ፣ ምን ቀመሱ፣ ምን አዩ? አንቺ አልነበርሽም፣ እናትሽም ምናልባት ልብሽን ላለማድማት ብላ ሁሉን አልነገረችሽም። ራብን በዚያ ዕድሜው ያየ ልጅ ዛሬ ቤቱ ዳቦ ቢሞላም ነገ መኖሩን አያምንም። በጦርነትና በመፈናቀል ያለፉ ልጆች ጠግበው እየበሉም ምግብ ሲደብቁ ማየት የተለመደ ነው፤ ስስት ወይም ውሸት ብለሽ አትውሰጂው። እናትሽን አንድ ቀን ልጁ በሌለበት ቁጭ አድርገሽ «እማ፣ ያኔ እንዴት ነበራችሁ?» ብለሽ ጠይቂያት። የምትነግርሽ ነገር ስለ ልጅሽ እኔ ከምነግርሽ ይበልጣል።

ብሩን በሚመለከት ደግሞ ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ብስኩት ገዝቶ ያድላል። ለራሱ መጫወቻ አልገዛበትም። ከኩታበር መጥቶ ማንም የማያውቀው ክፍል ውስጥ የገባ ልጅ ነው። አነጋገሩን ይስቁበት ይሆን? ኳስ ሲጫወቱ ያስገቡታል? በብስኩት የሚገዛው ወዳጅ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ብስኩቱ ሲያልቅ ወዳጅነቱም ስለሚያልቅ ተመልሶ ወደ መሳቢያው ይሄዳል።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ፣ ታገሽኝ። አንቺ ሪያድ ላይ ሆነሽ ቀን የምትቆጥሪለት ቀን፣ መጥተሽ ልጅሽን የተቀበልሽበት ቀን፣ ለእሱ ምን ነበር? ሰው ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሳይሞላው ያሳለፈውን እምብዛም አያስታውስም። አንቺ ያጠባሽውን፣ ያዘልሽውን፣ ያሽሞነሞንሽውን ሁሉ ታስታውሻለሽ፤ በእሱ ትዝታ ውስጥ ግን አንድም የለም። እሱ የሚያውቃት እናት በጦርነት መሃል ይዛው የሮጠችው አያቱ ናት። አንቺን የሚያውቅሽ በስልክ ድምፅሽ ነው። ስለዚህ አንቺ ልጅሽን ባገኘሽበት ቀን እሱ እናቱን አጣ። ይህን የምነግርሽ ጥፋተኛ ላደርግሽ አይደለም። ልጅን ወስዶ ማሳደግ መብትሽም ወግም ነው። ነገር ግን ባለፉት አሥር ወራት ያየሽው ቁጣ ከየት እንደሚመጣ ካልገባሽ፣ የጠላሽ እየመሰለሽ ትኖሪያለሽ።

ስለ ራስሽም አንድ ነገር ልበል። በሰው አገር በሰው ቤት ያለች ሴት ልጄን ልይ ብላ ስትፈልግ ተነስታ አትመጣም። ውሉ ሁለት ዓመት ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ እጅ ነው፣ ዕረፍት የሚባለውም አሠሪሽ ስትፈቅድ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳውዲ ሲመለስ ወሎ ውስጥ ስንት ቤት በር ላይ እናትና ልጅ እንደ እንግዳ ተያይተው እንደቆሙ አስቢው። ትተሽው አልሄድሽም፤ ልታሳድጊው ነው የሄድሽው። እሱ ግን ይህን ማንም በሚገባው ቋንቋ አልነገረውም ይሆናል።

ጆን ቦልቢ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 ያሳተመው ጥናት አለ። ስርቆት የለመዱ 44 ልጆችን ታሪክ አንድ በአንድ መርምሯል። ከእነሱ መካከል 14ቱ ፍቅርም ቅጣትም የማይነካቸው የሚመስሉ ነበሩ። ከ14ቱም 12ቱ በሕፃንነታቸው ለረጅም ጊዜ ከእናታቸው የተለዩ ሆነው ተገኙ። ስመታው አያለቅስም ያልሽኝን ሳነብ እነዚህ ልጆች ትዝ አሉኝ። ግን አትደንግጪ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ብዙም ተተችቷል። ከቦልቢ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ያሳዩት ደግሞ ላንቺ የምሥራች ነው፦ የልጁን ዕጣ የሚወስነው መለየቱ ብቻ ሳይሆን በተለየበት ጊዜ የሚወደውና የማይለዋወጥ ሰው ማግኘት አለማግኘቱ ነው። ልጅሽ አያቱን አግኝቷል። ሰው መውደድን ያውቃል። ትኩሳት የያዛትን ሴት አይቶ ሻይ የሚያፈላ ልጅ ልቡ አልደነደነም።

የሻዩ ነገርም እኮ ግራ ያጋባል ብለሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ግን ሻዩንና በማግስቱ የጠፋውን መቶ ብር ለያይቼ አላያቸውም። ስታቅፊው፣ ስትስሚው፣ ለአንድ ሌሊት እናትና ልጅ ሆናችሁ። የሚወደውን ሰው አንዴ ላጣ ልጅ ይህ ደስ የሚልም የሚያስፈራም ነገር ነው። «ብወዳትና ብትሄድስ?» ይላል ውስጡ። ስለዚህ በማግስቱ የምትጠይውን ነገር አድርጎ ያያል፤ ትቆያለች ወይስ ትሄዳለች? እንዲህ ያሉ ልጆች መቀራረብ በተፈጠረ ማግስት ሲያጠፉ ደጋግሞ ይታያል። ወደፊትም ታይዋለሽ፤ ያን ጊዜ «ፍቅር አልበጀውም» ብለሽ አትደምድሚ።

ከጻፍሽልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ ቀበቶው እንኳ አይደለም። «ተመልሼ ሳውዲ እሄድልሃለሁ» የሚለው ቃል ነው። ብዙ እናት በንዴት «ትቼህ እሄዳለሁ» ትላለች፤ ለሌላ ልጅ ባዶ ዛቻ ነው፣ ለልጅሽ ግን በእውን የደረሰበት ነገር ነው። አንዴ ሄደሻል። እሱም «ሂጂ» ሲልሽ እንድትሄጂ ፈልጎ አይመስለኝም። ላይቀር ከሆነ ቶሎ ይለይልኝ ማለቱ ነው። ይህ ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከቤታችሁ ይውጣ። ከምነግርሽ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትፈጽሚ ቢሆን ይህን እንድትመርጪ እለምንሻለሁ።

ስለ ቀበቶውና ስለ በርበሬው «አላህ ይቅር ይበለኝ» ብለሻልና ብዙ አልጨምርበትም። የበርበሬ ጢስ የልጅን ሳንባና ዓይን እንደሚጎዳ፣ መተንፈስ እስኪያቅት ሊያደርስ እንደሚችል ብቻ ልንገርሽና ልለፈው። አለማልቀሱ አለመታመሙ አይደለም። ዱላ ሲመጣ ራሱን ከሰውነቱ አውጥቶ መቆምን ተምሯል፤ በዚያ ሰዓት የምትናገሪው ምክር አንዱም አይገባውም። ለወንድምሽም «ልጄን የምቀጣው እኔ ነኝ» በይው። ለአጎት የሚሰጥ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ከቤት ወጣ ማለት ነው። ጎረቤት ጂን ነው ካለሽ ዱዓ ይደረግለት፣ አይከፋም፤ ማንም ግን በዚያ ስም እጁን እንዳያነሳበት።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ?

መጀመሪያ የሪያዱን ነገር ከራስሽ ጋር ጨርሺው፤ ይህ ሳይለይለት ሌላው ሁሉ ሥር አይዝም። ሱቁ እምብዛም አይደለም ብለሻል፣ ችግርሽ እውነት ነው፣ እኔም ከሩቅ ሆኜ «አትሂጂ» ለማለት አልደፍርም። ግን ራስሽን ጠይቂ፤ የምትሄጂው ገንዘቡ አስገድዶሽ ነው ወይስ «ልጄ አልፈለገኝም» የሚለው ቁስል እየገፋሽ? ሁለተኛው ከሆነ ቆይ በይው። ለምሳሌ ለአንድ ዓመት አልሄድም ብለሽ ከወሰንሽ ለጓደኛሽም ቁርጡን ንገሪያት፤ ስልኩ በየሳምንቱ ሲመጣ ልጁ ይሰማል፣ ልጆች የማንነግራቸውን ሁሉ ይሰማሉ። መሄድሽ ግድ ከሆነ ደግሞ ቀኑን፣ የት እንደሚቆይ፣ መቼ እንደምትደውዪ አስቀድሞ ይወቅ። ያኔ በሁለት ዓመቱ ስትሄጂ ተሰናብተሽው ነበር ወይስ ተኝቶ ነው የወጣሽው? ተኝቶ ከሆነ ሌሊት እየተነሳ መኖርሽን ያይ እንደሆነ ልብ በይ።

መቆየትን ከመረጥሽ ንገሪው። ቁጣ በሌለበት ሰዓት፣ ሱቅ ዘግታችሁ ስትመለሱ ወይም ስትፈጪ ስትከትፊ አጠገብሽ ሲቀመጥ ይሁን። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ዓይኑን እያየሽ ከሆነ ምርመራ ይመስለዋል። «ሳውዲ እሄዳለሁ ያልኩህ ተናድጄ ነው። አልሄድም። ብታጠፋም እቆጣሃለሁ እንጂ ትቼህ አልሄድም» በይው። ምንም ላይመልስ ይችላል። «እሺ» እንዲልሽ አትጠብቂ። ሌላ ቀን ደግመሽ ንገሪው።

ታሪኩንም ስጪው። ሲወለድ እንዴት እንደነበር፣ ምን ብለሽ ታባብይው እንደነበር፣ ለምን እንደሄድሽ፣ ሪያድ ስትሠሪ የት ትተኚ እንደነበር። በተለይ ስልኩ የጠፋባቸውን እነዚያን ወራት ንገሪው። አንቺ «ይኑሩ ይሙቱ» እያልሽ ስትጨነቂ እሱ ደግሞ «እናቴ መደወል ተወችኝ» ብሎ ይሆናል። መስመሩ በጦርነቱ እንደተቆረጠ ለአምስት ዓመት ልጅ ማን ያስረዳዋል? ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ይገባዋል። የሆነውን እንዲያወራሽ ግን አታስገድጂው፤ ያንቺን ስትነግሪው የራሱን ቀስ ብሎ ያመጣዋል።

ስለ እናትሽ፦ መልሺልኝ ማለቷ አይክፋሽ፣ እሷም ልጅ ነው የተወሰደባት። አትመልሺው፤ ሲያስቸግር የሚመለስ ሲረጋጋ የሚወሰድ ከሆነ የትም ቤት የእሱ አይሆንም። ከእሷ ጋር ያለው ገመድ ግን አይበጠስ። በየስንት ጊዜው ኩታበር ይሄዳል? ካልሄደ በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ቀን ቁረጡለት፣ የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ቢያጠፋም ያ ጉዞ እንደ ቅጣት አይከልከል። እማዬ ብሎ ይጥራት። አንቺንም ለጊዜው በስምሽ ይጥራሽ፤ ስሙን ለምነሽ አታገኚውም። ለእናትሽ ደግሞ በአክብሮት አንድ ነገር ለምኛት፦ አንቺ ባለሽበት፣ ልጁ እየሰማ፣ «እናትህ ናት፣ እኔም መርቄ ነው የሰጠኋት፣ እሷን ብትወድ አይከፋኝም» ትበለው። ልጁ አንቺን መውደድ አያቱን መክዳት መስሎት ይሆናል፤ ከዚያ ልትፈታው የምትችለው እሷ ብቻ ናት። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የምትል እናት መስላኛለችና እንቢ አትልሽም።

ወደ ብሩ ስንመጣ መሳቢያውን ቆልፊው። ልፈትነው ብለሽ ክፍት አትተዪው፤ በየቀኑ እንዲሸነፍ ማድረግ ነው። መውሰዱን እያወቅሽ «ወስደሃል?» ብለሽ አትጠይቂው፣ ዱላ የሚጠብቅ ልጅ መልሱ ሁልጊዜ «አልወሰድኩም» ነው። «ሃምሳ ብር እንደወሰድክ አውቃለሁ፣ አብረን እንመልሰዋለን» በይው። አመላለሱን ራሱ ይምረጥ፤ ሱቁን ይጥረግ፣ ካርቶን ያነባብር፣ ውኃ ያምጣ። ሲጨርስ ተጨረሰ፣ በሌላ ቀን አይነሳበት። «ሌባ» የሚለው ስምም ባንቺም በእናትሽም በወንድምሽም አፍ አይግባ። ከዚያ ጎን ለጎን በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን የእሱ የሆነ ትንሽ ገንዘብ ስጪው። አቅምሽ አሥር ብር ከሆነ አሥር ይሁን። ሳያጠፋም ሲያጠፋም ያግኘው፣ ምን እንደገዛበት አትመርምሪው።

ለዳቦው ክዳን ያለው ዕቃ ገዝተሽ የእሱ አድርጊው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ብስኩት እየሞላሽ ከአልጋው አጠገብ አኑሪ፤ ሳይጠይቅ በፈለገ ሰዓት ይብላ። መጀመሪያ ሰሞን አንዴ ባዶ ያደርገው ይሆናል። አሁንም ሙዪው። ዕቃው እንደማይጎድል ሲያምን የፍራሹ ሥር ይጸዳል።

በቀን ሩብ ሰዓት ደግሞ ለእሱ ብቻ ይሁን። ስልክ የለ፣ ደንበኛ የለ፣ «የቤት ሥራህን ሠራህ?» የለ። ምን እንደምትጫወቱ እሱ ይምረጥ፤ ብይ ቢሆን ብይ፣ ኳስ ቢሆን ኳስ። አንቺ ተከተዪው እንጂ አትምሪው፣ አታስተምሪው። ቀላል ይመስላል፣ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ቆሞ ለዋለ ሰው ግን ከባድ ነው። በየአገሩ ለወላጆች የተዘጋጁት ብዙዎቹ ሥልጠናዎች ከቅጣት በፊት ከዚህ የሚጀምሩት፣ ልጅ ተግሣጽ የሚሰማው ደስ ከሚለው ሰው አፍ ስለሆነ ነው። ስታመሰግኚውም በደፈናው «ጎበዝ» ከማለት ያደረገውን ንገሪው። «ታምሜ ሳለሁ ሻይ አፈላህልኝ፣ ስኳሩንም አበዛህልኝ» ብትይው ዓመት አይረሳውም።

ይህ ሁሉ ልጁ ይለቀቅ ማለት እንዳይመስልሽ። መማታት ክልክል ነው፣ የሰው ገንዘብ አይነካም፣ ከመግሪብ በፊት ቤት ይገባል። ሦስት ሕግ ይበቃችኋል። ሲጥስ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ የተናገርሽውን ፈጽሚ። በጣም ከተናደድሽ ግን ምንም ከማድረግሽ በፊት ወደ ደጅ ወጥተሽ ተመለሺ፤ ቅጣት አሥር ደቂቃ ቢዘገይ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ትምህርት ቤቱን ለነገ አትበይ። አስተማሪውን ለብቻው፣ በትሕትና አነጋግሪው። ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳለፈበት ንገሪው። ብዙ መምህር ታሪኩን ሲያውቅ ይለወጣል። «ሌባ» ብሎ ክፍሉ ፊት የሰጠውን ስም እዚያው ክፍሉ ፊት የሚያነሳበትን መንገድ ለምኚው፤ ጠመኔ እንዲያመጣ ይላከው፣ ደብተር ይሰብስብ፣ የሚታመንበት አንድ ሥራ ይስጠው። እንቢ ብሎ መግረፉን ከቀጠለ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂጂ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ይህን መጥቀስ ጠብ መፈለግ አይደለም። ከክፍሉም አንድ ልጅ መርጦ አርብ ከሰዓት ወደ ቤት ይዞ እንዲመጣ ፍቀጂለት። በብስኩት የማይገዛ አንድ ጓደኛ ይበቃዋል።

ሐኪም የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ሌሊት እየጮኸ ይነቃል? አልጋው ላይ መሽናት ጀምሯል? የጦርነቱን ነገር የሚያስታውስ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፣ ይደበቃል? እንስሳ ያሠቃያል፣ እሳት ያነሳል? መሞትን ያነሳል? ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ወይም ይህን ሁሉ አድርገሽ ከአምስት ስድስት ወር በኋላ ምንም ካልተለወጠ፣ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (የቀድሞው ሪፈራል) ወስደሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቂ። መሞትን ካነሳ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ በዚያው ዕለት ውሰጂው። ጆሮና ዓይኑንም እግረ መንገድ ይታይ፤ በደንብ የማይሰማ ወይም ሰሌዳ የማይታየው ልጅ ክፍል ውስጥ እንቢተኛ መስሎ ይታያል። የጠዋቱ የሆድ ሕመም ግን ለአሁኑ ከአስተማሪው አለንጋ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

መሳቢያውን ብትቆልፊም፣ ተስፋ ባደረግሽበት ሰሞን አንድ ቀን ከቦርሳሽ ብር ይጠፋል። ምናልባት ከኩታበር በተመለሳችሁ ማግስት ወይም ደስ ብሏችሁ በዋላችሁበት ቀን ይሆናል። ያን ቀን የምታደርጊውን ከአሁኑ አዘጋጅተሽ ያዢ፦ ገንዘቡን መውሰዱን እንዳወቅሽ ንገሪው፣ አመላለሱን ተነጋገሩ፣ ከዚያ እንደ ሌላው ቀን ራቱን አቅርቢለት። ከሁለት ወር በኋላም ጻፊልኝ፤ በተለይ እናትሽ ስለ 2014 የነገረችሽን።